እኩል ናቸው ወይ ብለው አይደሉም አለኝ

ኑ ልንገራችሁ! ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ትናንት ማታ ሙሉ በሙሉ መቋጫ አገኘ፤ ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም። ነገሩ የኮምፒውተር ነው፤ ግን ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰውም ይገባዋል። የቤት ቁጥርና እድር ምን እንደሆኑ ካወቃችሁ ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም።

የተጀመረው ከእድራችን ነው። አባላት መዋጯቸውን ባንክ ያስገባሉ፤ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዣችን ያሳያሉ፤ እሱም ስማቸውን በደብተሩ ይመዘግባል። ባንኩ ደግሞ የራሱን ዝርዝር ይሰጠናል። በወሩ መጨረሻ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ዘርግተን፣ ጣታችንን በስሞቹ ላይ እያስኬድን እናመሳክራለን። አንዳንዴ እስከ ማታ እንቆያለን። እኔም በቅርቡ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀምሬያለሁና፣ «ይህንንማ ኮምፒውተሩ በቅጽበት ይጨርሰዋል» ብዬ ቁጭ አልኩ።

በፕሮግራም ቋንቋ እንዲህ ያለው ዝርዝር አሬይ ይባላል። በተራ የተደረደሩ ነገሮች ማለት ነው፤ ቁጥርም ስምም ሊሆኑ ይችላሉ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገብታችሁ አንዱን ከአንዱ በኮማ ትለያላችሁ። ወደ ስሞቹ ከመግባቴ በፊት ልፈትነው አልኩና ከዚህ የቀለለ የሌለ ጥያቄ ጠየቅኩት፦

[1, 2, 3] === [1, 2, 3]

ሦስቱ የእኩል ምልክቶች «እነዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ?» ማለት ናቸው። መልሱ ትሩ ከሆነ አዎ ነው፤ ፎልስ ከሆነ አይደሉም ነው። ምን ያለኝ ይመስላችኋል?

ፎልስ!

እንዴ! ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። ኮማዎቹን ቆጠርኩ። ደግሜ ጻፍኩት፤ አሁንም ፎልስ። እሺ ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። 1 ከ1 ጋር እኩል ነው? ትሩ። 2 ከ2? ትሩ። 3 ከ3? ትሩ። ለየብቻ ሲጠየቁ ሁሉም እኩል ናቸው፤ በቅንፍ ሲታቀፉ ግን አይደሉም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማረው የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። መልሱን ትነግረኛለች ስል እሷ ጥያቄ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየማችሁ ብሎክ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ቤት ቁጥርህስ?»

«ሰባት።»

«ብሎክ አሥራ አምስት ላይ ያለው ሰባት ቁጥር ቤት ከአንተ ቤት በምን ይለያል?»

አሰብኩ። በሩ ያው ነው፤ መስኮቱ ያው ነው፤ የኩሽናው ስፋት ያው ነው። «በምንም» አልኳት።

«ታዲያ ማታ ደክሞህ ስትመጣ እዚያ ገብተህ ትተኛለህ?»

ወይ ጉድ! እዚያው ላይ ገባኝ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ሁለት ቤት ውስጡ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ያው ቤት ግን አይደለም። እኔ ኮምፒውተሩን «ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው?» ብዬ የጠየቅኩት መስሎኝ ነበር። ያ ምልክት ግን ለአሬይ ሲሆን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ያው ቤት ነው?» ይላል።

አሁን ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ጣፋጩ እዚህ ነው። የኮምፒውተሩን ሜሞሪ እንደ አንድ ግዙፍ የኮንዶሚኒየም ሰፈር አስቡት። ማዕዘን ቅንፍ ከፍታችሁ ነገሮች በደረደራችሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ አዲስ ቤት ይሠራል፤ ዕቃዎቹን ያስገባል፤ ለእናንተ የሚሰጣችሁ ግን የቤቱን ቁጥር ከነብሎኩ የያዘች ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። ለአሬዩ ስም ስታወጡለት፣ ስሙ የያዘው ያችን ወረቀት ነው። እኔ ቅንፍ ሁለት ጊዜ ከፈትኩ፤ ስለዚህ ሁለት ቤት ተሠራ፤ ሁለት ወረቀት ወጣ። እኩል ናቸው ወይ ስለው ኮምፒውተሩ ሁለቱን ወረቀቶች ብቻ አየ። ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ፎልስ አለ። በሩን እንኳ አልከፈተም!

ለምን እንዲህ ተደረገ አልኩ። አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው፤ ሳስበው ደግሞ አስደሰተኝ። አንድ ሚሊዮን ዕቃ ያለበትን ቤት ከሌላው ጋር ለማመሳከር አንድ ሚሊዮን ጊዜ ማየት ሊያስፈልግ ይችላል። የቤት ቁጥር ለማመሳከር ግን አንድ እይታ ይበቃል። ሐሳቡም የቆየ ነው። ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሠራው ሲ በተባለው ቋንቋ፣ ሁለት አሬዮችን በእኩል ምልክት ስታወዳድሩ የሚወዳደረው የመጀመሪያው ዕቃ የተቀመጠበት አድራሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫም አሬይን በአድራሻ ነው የሚያመሳክረው። በዚያው ዓመት ብሬንዳን አይክ በ10 ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን መልክ የሰጠው ጃቫስክሪፕትም እንዲሁ። ፓይተን ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ያስጠይቃችኋል፤ ሁለት የእኩል ምልክት ከጻፋችሁ በሩን ከፍቶ ውስጡን ያያል፤ «ኢዝ» የሚለውን ቃል ከጻፋችሁ የቤቱን ቁጥር ያያል። ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ፣ ስላይስ ለሚላቸው ርዝመታቸው ለሚለዋወጥ ዝርዝሮች፣ ሁለቱን በእኩል ምልክት ማወዳደርን ጭራሽ አይፈቅድም፤ ፕሮግራሙን ገና ሳያስነሳው ይመልሰዋል። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። ጥያቄው ሁለት ትርጉም ካለው አልመልስም ማለት ትልቅ ጨዋነት ነው።

ይህ በገባኝ ማግስት ደግሞ የተገላቢጦሹ መጣብኝ። ባለፈው ወር የነበረውን ዝርዝር አስቀምጬ፣ በዚህ ወር የተለወጠ ነገር መኖሩን ማየት ፈለግሁ። ጃቫስክሪፕት በፊደላችን ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ ይህም ራሱ አስደንቆኛል። የዚህን ወር ዝርዝር «አዲስ» አልኩት። ከዚያም ቅጂ ላስቀምጥ ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦

አሮጌ = አዲስ

ከዚያ «አዲስ» ላይ ሁለት ስም ጨመርኩ። ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ትሩ! ሁለት ሰው ጨምሬበት አሁንም እኩል ነው ይለኛል። ያን ጊዜ ግን ወረቀቷን አስታወስኩ። እኔ የገለበጥኩት ቤቱን ሳይሆን የቤቱን ቁጥር ነበር። ለአንድ ቤት ሁለት ቁልፍ አስቀረጽኩ ማለት ነው። በአንዱ ቁልፍ ገብቼ ሶፋ ባስገባ፣ በሌላው ቁልፍ የገባ ሰው ያንኑ ሶፋ ያገኛል። የመጀመሪያው ፈተና ውስጣቸው አንድ የሆነውን ይለያያሉ ያሰኘኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ የተለወጠውን አልተለወጠም ያሰኘኝ፣ በዚያችው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ምክንያት ነው።

እውነተኛ ቅጂ ለማግኘት አዲስ ቅንፍ ከፍቶ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ማስገባት ያስፈልጋል። ለዚህም አጭር አጻጻፍ አለው፤ በቅንፍ ውስጥ ሦስት ነጥብ አድርጋችሁ የዝርዝሩን ስም ታስከትላላችሁ። እዚህም አንድ ነገር ጠብቁ። እያንዳንዱ አባል ራሱ ትንሽ አሬይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስምና መዋጮ በአንድ ላይ፣ በትልቁ ቤት ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ራሳቸው የሌሎች ቤቶች ቁጥሮች ናቸው። ትልቁን ስትገለብጡ የትንንሾቹ ቁጥር ብቻ ይገለበጣል። ሲመሳከርም ያው ችግር ይመጣል፤ ጃቫ ለዚህ ሲል ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ የውጭውን በር ብቻ ከፍቶ ያመሳክራል፤ ሌላው፣ ዲፕ ኢኩዋልስ የሚባለው፣ በውስጥ ያለውን በር ሁሉ እየከፈተ እስከ መጨረሻው ይወርዳል።

እሺ፣ በሩን መክፈት ካለብኝ እኔው እከፍታለሁ አልኩና የራሴን ማመሳከሪያ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ዕቃ ጀምር፤ ከሌላኛው የመጀመሪያ ጋር አስተያይ፤ የማይመሳሰል ካገኘህ ፎልስ በል፤ ሳታገኝ ከጨረስክ ትሩ በል። ሠራ! ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ዞርኩ። ቀጥሎ 40 ስም ያለውን ዝርዝር 43 ስም ካለው ጋር ሰጠሁት፤ እኩል ናቸው አለኝ። ለካ የመጀመሪያዎቹ 40 ስሞች አንድ ነበሩ፤ ፕሮግራሜም አጭሩን ዝርዝር ተከትሎ ስለሚሄድ 40 ላይ ሲደርስ ሥራው አለቀ፤ የቀሩትን ሦስቱን ያያቸው የለም። ከሁሉ በፊት «ብዛታችሁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሰማ «ለምን ትደክማለህ? ሁለቱንም ወደ ጽሑፍ ቀይረህ ጽሑፉን አታመሳክርም?» አለኝ። ጽሑፍ በጃቫስክሪፕት ሲመሳከር በእርግጥ በይዘቱ ነው። ጥሩ ይመስላል አይደል? ሞከርኩት። [12, 3] የሚለውን ቁጥሮቹን አጣብቄ ጻፍኩት፤ 123 ሆነ። [1, 23] የሚለውንም አጣበቅኩት፤ 123 ሆነ። አያችሁ! ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች አንድ ጽሑፍ ሆኑ። በስማችን ደግሞ ይብሳል። «ወልደ» እና «ማርያም» ተብለው የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ ሲጣበቁ «ወልደማርያም» የሚባል አንድ ሰው ይሆናሉ። በመሃል ኮማ ብታስገቡ ይሻላል፤ ግን በስሙ መሃል ኮማ ያለበት አንድ መዝገብ ከመጣ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ። ጃቫስክሪፕት ራሱም ሳትጠይቁት ይህን ያደርጋል፤ በሦስቱ ፈንታ ሁለት የእኩል ምልክት ተጠቅማችሁ [1, 2] የሚለውን አሬይ «1,2» ከሚል ተራ ጽሑፍ ጋር ብታመሳክሩት ትሩ ይላችኋል! ቤትና ስለ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ እኩል ናቸው እንደማለት ነው። እኔ ሁለቱን የእኩል ምልክት ለአሬይ መጠቀም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቻለሁ፤ እናንተም ተዉት።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም የበለጠ የመሰጠኝ ነው። ሰፈራችን እድር ብቻ ሳይሆን እቁብም አለው። የእቁባችን ዕጣ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከዚያ በወጣው ተራ ይበላል። አሁን ልጠይቃችሁ። የእድሩ ዝርዝር ላይ አልማዝ ከበቀለ በፊት ብትጻፍ ወይም በኋላ ብትጻፍ ምን ልዩነት አለው? ምንም። ሁለቱም ከፍለዋል። በእቁቡ ዝርዝር ላይስ? ሰማይና ምድር ነው! አንዷ በጥቅምት ትበላለች፤ አንዱ በሰኔ። ያው ስሞች፣ ያው ብዛት፤ በአንዱ ጥያቄ እኩል ናቸው፤ በሌላው ጥያቄ አይደሉም። ኮምፒውተሩ ይህን ከየት ያውቃል? የምነግረው እኔ ነኝ።

ለእድሩ መላው ቀላል መሰለኝ። ሁለቱንም ዝርዝሮች በፊደል ተራ አሰልፍ፤ ከዚያ አመሳክር። ጃቫስክሪፕት «ሶርት» የሚል ትእዛዝ አለው። ሠራልኝ፤ ትሩ አለኝ። ደስ ብሎኝ ያንኑ ማመሳከሪያ በእቁቡ ዝርዝር ላይም ሞከርኩት፤ የጎደለ ሰው አለመኖሩን ለማየት ብቻ። ትሩ አለኝ፤ ሁሉም አሉ። ከዚያ የእቁቡን ተራ ላትም ስል ደነገጥኩ። በሀ የሚጀምሩት ሁሉ ከፊት ተሰልፈዋል! የዕጣው ተራ ጠፍቷል። ሶርት ቅጂ አይሰጥም፤ ያንኑ ቤት ገብቶ ዕቃውን ያዘዋውራል። እኔ ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ በማየቴ ግን የሰዎችን ተራ አፋለስኩ። ደግነቱ ዕጣው በደብተር ተጽፏል። ብዙ ሰው በዚህ ስለሚቸገር ይመስለኛል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የጃቫስክሪፕት ደንብ ላይ «ቱ ሶርትድ» የሚል አዲስ ትእዛዝ ተጨመረ፤ የመጀመሪያውን ሳይነካ የተሰለፈ ቅጂ ይሰጣል። (ሶርትን ቁጥር ስትሰጡት ደግሞ ካልነገራችሁት በቀር እንደ ጽሑፍ ነው የሚያሰልፈው፤ 10 ከ9 በፊት ይመጣል፤ 1 ከ9 ስለሚቀድም።)

ማሰለፍ ካስፈራችሁ «የዚህ ሰዎች ሁሉ እዚያ አሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ያጓጓል። እሱም ወጥመድ አለው። የአንዱ ቤተሰብ ሦስት መዋጮ [200, 200, 500] ነው፤ የሌላው [200, 500, 500]። ብዛታቸው ሦስት ሦስት ነው። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ሁሉ ሁለተኛው ውስጥ አለ፤ የሁለተኛውም ሁሉ መጀመሪያው ውስጥ አለ። ደምሯቸው እንግዲህ፦ 900 እና 1200። መኖሩን ብቻ መጠየቅ አልበቃም፤ ስንት ጊዜ እንዳለም መቁጠር ያስፈልጋል። እንደ ገበያ ነው፤ ሁለታችንም ሽንኩርትና ቲማቲም ገዛን ማለት ያው ዘንቢል ይዘን ተመለስን ማለት አይደለም።

ዕቃዎቹ ራሳቸው እኩል መሆናቸውን እስካሁን የታወቀ አድርገን ተቀበልን። 1 ከ1 ጋር፣ 2 ከ2 ጋር። ግን ኮምፒውተሩን 0.1 እና 0.2 ደምር በሉት። የሚሰጣችሁ 0.30000000000000004 ነው። ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ስትሉት ፎልስ! እኛ መቶ ብርን ለሦስት ስናካፍል 33.33 እያለ እንደማያልቅ ታውቃላችሁ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ አንድ አሥረኛ ለእሱ እንደዚያ የማያልቅ ቁጥር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆርጦ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ 10 ሳንቲምን 0.1 ብር ብላችሁ አትመዝግቡ፤ 10 ሳንቲም ብላችሁ መዝግቡ። ሙሉ ቁጥር ሲሆን 10 እና 20 ሲደመር 30 ነው፤ እንከን የለውም።

ከዚህ የባሰም አለ። በመዋጮው ዓምድ ላይ አንድ ሰው «አልከፈለም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያንን ወደ ቁጥር ለውጥ ስለው ኮምፒውተሩ ናን የሚል ነገር ሰጠኝ፤ ትርጉሙ «ቁጥር ያልሆነ» ነው። ናን ከናን ጋር እኩል ነው ወይ? ፎልስ። ከራሱ ጋር እኩል ያልሆነ ነገር በዓለም ላይ አለ! መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። ኋላ ሳየው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ኮምፒውተሮች የሚከተሉት የቁጥር ደንብ ያዘዘው ነው፤ የደንቡ ቁጥር 754 ነው። ሳሰላስለው ትክክል ነው። ሁለት ሰዎች ምን ያህል እንዳዋጡ ባናውቅ፣ እኩል አዋጡ ማለት እንችላለን? አንችልም። ለአሬይ ግን ጣጣ አለው፤ ናን ያለበት ዝርዝር ዕቃ በዕቃ ሲታይ ከራሱ ቅጂ ጋር እንኳ አይስማማም። ፓይተን ላይ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ዝርዝሮችን ሲያመሳክር አስቀድሞ የዕቃዎቹን አድራሻ ያያል፤ ሁለቱም ዝርዝሮች ያንኑ አንዱን ናን የያዙ ከሆነ ወደ ውስጥ ሳይገባ እኩል ናቸው ይላል። ያቺ የቤት ቁጥር ወረቀት ተመልሳ መጣች!

አሁን ሁሉንም አስተካክዬ ወደ እድሩ ዝርዝር ተመለስኩ። ብዛቱ ይታያል፤ ቅጂው ይሰለፋል፤ ድግግሞሹ ይቆጠራል፤ ገንዘቡ በሳንቲም ነው። ፎልስ አለኝ። ሁለቱ ዝርዝሮች የተለያዩበትን ቦታ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። አውጥቶ አሳየኝ። በአንዱ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ»።

ይህን ሳይ ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ለእኔ ዓይን ያው ኃይሉ ነው፤ ጎረቤቴ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፊደል ማለት ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዷ ቁጥር ሰጣት። ሀ 4608 ናት። ሃ 4611፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736፣ ኃ 4739። እኛ በአንድ ድምፅ እናነባቸዋለን፤ እሱ አምስት የተለያዩ ቁጥሮች ያያል። ስም ደግሞ ምንድን ነው? የፊደላት ዝርዝር! ለካ ከላይ እስከ ታች አሬይ ሳመሳክር ነው የከረምኩት።

እስቲ አንድ ስም እንቁጠር፤ «ኃይለ ሥላሴ»። የመጀመሪያዋ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ልትሆን ትችላለች፤ ስድስት። ሥ ወይም ስ፤ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፤ ሁለት። ስድስት በሁለት በሁለት 24። በመሃል ክፍተት ያለውና የሌለው ብለን ስንቆጥር 48! አንድ ሰው፣ አንድ አጠራር፣ 48 አጻጻፍ፤ አንዱም ከሌላው ጋር በኮምፒውተር ዓይን እኩል አይደለም። በስሙ መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የገባችውን ክፍተት ደግሞ ዓይንም አያያትም፤ እሷም ፎልስ ታሰኛለች።

ዩኒኮድ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። በግእዝ እነዚህ ፊደላት ትርጉም ይለያሉ፤ ሠረቀ ወጣ፣ ታየ ነው፤ ሰረቀ ሌባ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ መዝገቡ ለየብቻ ማስቀመጡ ተገቢ ነው፤ የሚያቀራርባቸው የእኔ ፕሮግራም መሆን አለበት። እንዲህ አደረግሁ። ከማመሳከሬ በፊት የእያንዳንዱን ስም ቅጂ እወስዳለሁ፤ በቅጂው ላይ ሃንም ሐንም ሓንም ኀንም ኃንም ወደ ሀ፣ ሠን ከነቤተሰቧ ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እመልሳለሁ፤ ክፍተቱን አወጣለሁ። የማመሳክረው ቅጂዎቹን ነው። ዋናውን ስም አልነካውም፤ ሰው ስሙን በኃ ከጻፈ በኃ ይታተምለታል። የእቁቡ ተራ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ደግሞ አንድ ስም ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ከስሙ ጎን የአባልነት ቁጥር እንዲጻፍ ገንዘብ ያዣችንን ለምኜዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል።

ትናንት ማታ ሁለቱን ዝርዝሮች አስገባሁ። ትሩ አለኝ። ለእርግጠኝነት በጣቴም አመሳከርኳቸው፤ አንድ ሰው አልጎደለም።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ኮምፒውተር ያላችሁ ብራውዘራችሁን ክፈቱና ኤፍ 12ን ተጫኑ፤ ኮንሶል የሚለው ላይ ያንን የመጀመሪያ ጥያቄ ጻፉና ፎልስ ሲላችሁ በገዛ ዓይናችሁ እዩት። ኮምፒውተር የሌላችሁም አትቀሩ። መታወቂያችሁን፣ የባንክ ደብተራችሁን፣ የትምህርት ማስረጃችሁን አውጡና ስማችሁ በስንት ዓይነት ፊደል እንደተጻፈ ቁጠሩ። ያገኛችሁትን እስከ ቅዳሜ ንገሩኝ፤ ፕሮግራሜ የማያውቀው አጻጻፍ ካለ እጨምረዋለሁ።